የሃይላንድ ዋጋ፤ ከእጅ ሚዛን እስከ «ብልህ» ማሽን

እንደሚታወቀው ጅቡቲ ከተማ ላይ ሐምሲን የሚባለው ነፋስ መንፈስ ከጀመረ ሰው የሚያስበው ስለ ውሃ ብቻ ነው። ሱቅ በር ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ጫት የሚሸጡት እናቶች ጠረጴዛ ሥር፣ የትም ብትሄዱ የውሃ ጠርሙስ አለ። ጠርሙሱን እኛ አበሾች ዛሬም «ሃይላንድ» ነው የምንለው። አገር ቤት የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ውሃው ተጠጥቶ አለቀና ስሙ ለባዶው ፕላስቲክ ቀረ።

ታዲያ ውሃው ካለቀ በኋላ ሃይላንዱ የት ይገባል? ዕድለኛው ወተት ወይም ዘይት ይሞላበታል። ሌላው ተጭኖ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የዱዳ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። የቀረው ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ይገባል። በኅዳር ወር 2019 (ዓመቶቹን እዚህ በለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ያ ከባድ ዝናብ ሲወርድ፣ እኛ በምንኖርበት ሰፈር ቱቦው በጠርሙስና በፌስታል ተደፍኖ ውሃው ፍራሻችን ላይ ተኝቶ አድሯል። ከዚያም የተረፈው ባሕር ይገባል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ፣ በመጠኑ ዓሣ ነባሪ የሚያክል ሰው ግን የማይነካ ሻርክ ይመጣል፤ የሚበላው አፉን ከፍቶ ውሃውን በማጣራት ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። አሊ አዴና ሆል ሆል ያላችሁ ደግሞ የፍየሏን ነገር ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ፌስታል በልታ ሆዷ የተነፋች ፍየል ያላየ ሰው ካምፕ ውስጥ ያለ አይመስለንም።

ይሁን እንጂ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጽዳት ብቻ አይደለም። ስለ አንዲት እናት ማዳበሪያ ነው የሚጀምረው።

ይህች እህታችን የሦስት ልጆች እናት ናት። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ፣ ፀሐይ ሳይወጣ ሃይላንድ ትለቅማለች። ስትለቅም በማዳበሪያ እየሞላች ለአንድ ገዢ ትሸጥ ነበር። አንዱ ማዳበሪያ 100 ፍራንክ። እንዳለ ሳይረገጥ የተሞላ ማዳበሪያ ማለት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ገዢው «ክዳኑን እያወጣሽ እየረገጥሽ ሙይው፣ ለመጫን አልተመቸኝም» አላት። እሷም እሺ ብላ ልጆቿን ይዛ ትረግጥ ጀመር። ማዳበሪያው ግን ቶሎ አልሞላ አለ። ሁለት ቀን ለቅማ አንድ አይሞላም። ዋጋውን ስትጠይቅ ያው 100 ፍራንክ ነው።

«ጋሼ፣ ማዳበሪያ ያው ማዳበሪያ ነው አሉኝ» አለችን አንድ ቀን ልጇን ከትምህርት ልትወስድ መጥታ። ስትነግረን የገረማት እንጂ የተበደለች አትመስልም ነበር።

እኛ ደግሞ አስተማሪዎች ስለሆንን ነገሩን ወደ ሒሳብ ወሰድነው። በማግሥቱ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። የባለ 1 ሊትር ተኩሉ ባዶ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ይመዝናል። ሳይረገጥ አንድ ማዳበሪያ 45 ያህል ይይዛል። ተረግጦስ? ልጆቹ ግቢ ወጥተው ሞከሩት፤ ግማሹ ረገጠ፣ ግማሹ ቆጠረ፣ እኛ ማዳበሪያውን ያዝን። 180 ገባ። እንግዲህ 45 ጠርሙስ 1 ኪሎ ከ350 ግራም ነው፤ 180 ጠርሙስ ደግሞ 5 ኪሎ ከ400። እናትየዋ የአራት ማዳበሪያ ዕቃ በአንድ ማዳበሪያ ዋጋ እየሸጠች ነበር ማለት ነው። አንዱ ተማሪያችን ደብተሩ ላይ አካፍሎ ሲያበቃ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሃይላንዱ ሲረገጥ ከአንድ ፍራንክ ተኩል በላይ ጠፋበት» አለ። ልክ ነው። 2 ፍራንክ ከ22 የነበረው 56 ሳንቲም ሆኖ ቀርቷል።

መርገጡ በራሱ ጥሩ ነገር ነው፤ ይህን ልንክድ አንችልም። ባዶ ጠርሙስ ማጓጓዝ አየር ማጓጓዝ ነው፤ የተረገጠው በአንድ መኪና አራት እጥፍ ይጫናል። ጥፋቱ እግሯ ላይ ሳይሆን መስፈሪያው ላይ ነው። በማዳበሪያ መግዛትና በኪሎ መሸጥ የሚያገናኘው ሰው መሐል ላይ ቆሞ ትርፉን ይወስዳል።

ስለዚህ አምስት ሰዎች ሆነን አዋጥተን፣ መንገደኞች ሻንጣ የሚመዝኑባትን ተንጠልጣይ ዲጂታል ሚዛን ከገበያ ገዛን። በመዳፍ የምትያዝ፣ ሜንጦ ያላት፣ ቁጥሩን በመስታወት የምታሳይ። ይቺን ሚዛን ነው እኛ በሰፈራችን የገባች የመጀመሪያዋ ብልህ ቴክኖሎጂ የምንላት።

አንዳንድ ወጣቶቻችን ሲሰሙ ሳቁብን። እነሱ በስልክ ቪዲዮ ያዩት ሌላ ነው፤ ሮቦት ነው፣ ጠርሙስ በዓይኑ እያየ የሚለቅም። ነገሩ እውነት ነው፤ አለ። እንዴት እንደሚሠራ ማወቁም አይጎዳምና እንንገራችሁ።

በትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቆሻሻው በሚንቀሳቀስ ረዥም ቀበቶ ላይ ተበትኖ ያልፋል። ከላይ ዓይናችን የማያየው፣ ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን ይበራበታል። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ዓይነት ከዚህ ብርሃን የሚውጠውና የሚመልሰው የተለያየ ስለሆነ፣ ሴንሰሩ የተመለሰውን አንብቦ «ይሄ የውሃ ጠርሙስ ነው፣ ያ የሳሙና ዕቃ ነው» ይላል። ቀበቶው ጫፍ ላይ ሲደርስ የታመቀ አየር እፍ ብሎ ጠርሙሱን ወደ ራሱ ሳጥን ይወረውረዋል። ሁሉም የሚሆነው ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። አሁን አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ካሜራ ተጨምሮበታል፤ ብዙ ሺህ ፎቶ አይቶ የተማረ።

ጉድለትም አለበት። ጥቁር ፕላስቲክ ብርሃኑን ሁሉ ስለሚውጠው ማሽኑ አያየውም። ጠርሙሱ ሙሉ በሙሉ በሌላ ፕላስቲክ ከተሸፈነ ማሽኑ የሚያነበው ልብሱን እንጂ ገላውን አይደለም። ካሜራውም ቢሆን የሚያውቀው የተማረውን ነው። የአውሮፓ ንጹሕ ጠርሙስ አይቶ የተማረ ካሜራ፣ የባልባላን አቧራ የጠጣ፣ መኪና የሄደበት፣ ፀሐይ ያነጣውን ሃይላንድ ቢያሳዩት ምን እንደሚል አንጃ። እኛም አዲስ ተማሪ ሲመጣልን መጀመሪያ ያገሩን ፊደል እናስቆጥረዋለን፤ ማሽኑም ያገሩን ቆሻሻ መማር አለበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ዓለም ምን ያህል ሠርቷል ብትሉን፣ በ2017 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሰላው እስከ 2015 ድረስ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ከሮቦቱ ጋር ነው እንግዲህ።

ወደ እናትየዋ እንመለስ። ሚዛኗን ይዘን አብረን ሄድን። ገዢው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በኋላ አንድ ነገር ተናገረ፤ እውነቱን ነው። «እኔ የምሸጥለት ሰው የተደባለቀ አይቀበለኝም። በኪሎ ካላችሁ ለይታችሁ አምጡ» አለ። ለመለየት ደግሞ ዕውቀት ይጠይቃል። እዚህ ጋ ነው የትምህርት ነገር የገባው።

የፕላስቲክ ዕቃ ገልብጣችሁ ቂጡን ብታዩ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። ይህ ከ1988 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የወጣ ምልክት ነው። ሃይላንድ 1 ቁጥር ነው፤ ፔት ይባላል። ጄሪካንና የበረኪና ዕቃ 2 ቁጥር። የውሃ ቧንቧው 3 ቁጥር፣ ፒቪሲ የሚባለው፤ ይሄ ክፉ ነው፣ ጥቂቱ እንኳ ከሃይላንድ ጋር አብሮ ከቀለጠ ሁሉንም ያበላሻል። ማዳበሪያው ራሱ 5 ቁጥር ነው። ችግሩ ብዙው ዕቃ ተሰባብሮ ወይም ተልጦ ቁጥሩ አይነበብም። ያን ጊዜ ምን ይደረጋል?

ባልዲ ይመጣል! ልጆቹ በጣም የወደዱት ትምህርት ይሄ ነበር። ፕላስቲኩን በጥፍር ልክ ቆራርጡና ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ አየር እንዳይዝ ጠብታ ሳሙና ጨምሩና አማስሉት። ሃይላንዱ ይሰምጣል፤ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ጄሪካኑም ማዳበሪያውም ይንሳፈፋሉ። ለምን ቢባል፣ ፔት ከውሃ ይከብዳል፣ ሌሎቹ ይቀላሉ። የሚጠጣ ውሃ ማባከን የለብንም፤ የባሕር ውሃም ያንኑ ያደርጋል። ፋብሪካዎቹም ጠርሙሱን ከክዳኑ የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው፣ ገንዳው ይተልቃል እንጂ።

አሁን ደግሞ ጨው ጨምሩ። ለ10 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ተኩል ያህል። የእርጎ ኩባያና አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ማንኪያ ብዙውን ጊዜ 6 ቁጥር ነው፤ በተራ ውሃ የሰመጠው በጨው ውሃ ብድግ ብሎ ይወጣል። ሃይላንዱ ግን እንደሰመጠ ይቀራል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ውሃው ከባሕር አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። በጨው በኩል ጅቡቲን የሚቀድማት ያለ አይመስለንም፤ ይህ ትምህርት የተፈጠረው ለዚህ አገር ነው ብንል ብዙ አልዋሸንም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፒቪሲም እንደ ሃይላንድ ይሰምጣል። እሱን በባልዲ መለየት አይቻልም፤ ቧንቧና የሽቦ ልባስ የመሰለ ነገር ከመጀመሪያው በእጅ ማውጣት ነው። በእሳት እንፈትነው የሚል ሰው ካለ እባካችሁ ከልክሉት፤ የፒቪሲ ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። ይህን ስንጽፍ፣ ከሰል በፌስታል የምታቀጣጥሉ እናቶችም ትዝ ትሉናላችሁ። ሌላውም የፕላስቲክ ጭስ መድኃኒት አይደለም፣ ልጅ የታዘለበት ጀርባ ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው።

ይህን ሁሉ ስናወራ አንድ አዛውንት አባት ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ይሄ እኮ የምናለሽ ተራ ሥራ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው መልሶ መጠቀምን ከፈረንጅ አልተማረም። ከጎማ በረባሶ፣ ከበርሜል ምድጃ፣ ከጣሳ ኩራዝ። ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው «ቆራሌው!» ባይ (ቆርቆሮ ያለው የሚለው አጥሮ ነው ይባላል)፣ አሮጌ ልብስ ወስዶ ሳፋና ጆግ የሚሰጠው ልዋጭ፣ እነዚህ ሁሉ ዕቃ አይቶ ዋጋውን በዓይን የሚገምት ሴንሰር ነበራቸው። ቀልድ አይደለም። ማሽኑ በኢንፍራሬድ የሚያደርገውን እነሱ በጣት አንኳኩተው ያደርጉታል። የሌላቸው የታወቀ ዋጋና የሚያስከብራቸው ወረቀት ነው።

አዲስ አበባ ላይ የዚህ ጉድለት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ታይቷል። በመጋቢት ወር 2017 የቆሼ ቆሻሻ ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው የሚኖሩ ነበሩ፤ ከቆሻሻው ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩም ነበሩባቸው። በቀጣዩ ዓመት፣ በነሐሴ 2018፣ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ትልቅ ጣቢያ ተመረቀ። ቴክኖሎጂ ነው፤ ለከተማዋም ያስፈልጋት ይሆናል። ነገር ግን እሳቱ በደንብ የሚወደው ፕላስቲክን ነው፤ ለቃሚውም የሚፈልገው ያንኑ ነው። ማሽን ሲተከል ከማሽኑ በፊት እዚያ የነበረው ሰው የት ይገባል የሚለውን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። እኛ ስደተኞች ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ብንጠይቅ አይፈረድብንም።

ደግነቱ ሌላ መንገድም እየታየ ነው። ቀድሞ በዩኒሴፍ ይሠራ የነበረው ቅዱስ አስፋው ከባልደረባው ከፔንዳ ማር ጋር በ2021 የመሠረተው ኩቢክ የሚባል ድርጅት፣ አዲስ አበባ ላይ የፕላስቲክ ቆሻሻ ወደ ግድግዳ መሥሪያ ብሎኬት ይለውጣል። ቤት የሚሠራበት ፕላስቲክ ማለት ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ማንም የማይገዛው ዓይነት። ሕጉም ተራምዷል። በ1999 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታል ማምረትና ማስገባትን ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን አልሰማም። በ2025 ምክር ቤቱ ፌስታልን ጠቅልሎ የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እንግዲህ እናያለን።

ወደ ኖርዌይና ጀርመን የሄዱ ልጆቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ይጽፉልናል፦ «ሱፐርማርኬት ገብተን ባዶ ጠርሙስ ማሽን ውስጥ እንከታለን፣ ማሽኑ ገንዘብ ይሰጠናል» ይሉናል። መጀመሪያ ያጋነኑ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቶምራ የሚባል የኖርዌይ ኩባንያ ከ1972 ጀምሮ ይህን ማሽን ይሠራል። ጀርመን ውስጥ ከ2003 ወዲህ ውሃ ስትገዙ 25 ሳንቲም መያዣ ትከፍላላችሁ፤ ባዶውን ስትመልሱ ማሽኑ በጠርሙሱ ላይ ያለውን መስመር አንብቦ ይመልስላችኋል። በዚህ የተነሳ መያዣ ያለበት ጠርሙስ እዚያ አገር ጥቂት ካልሆነ መንገድ ላይ አይቀርም፤ ቢቀርም ድኻ ያነሳዋል። ልብ በሉ፤ ማሽኑ ብልህ የሆነው ካሜራ ስላለው ብቻ አይደለም። ጠርሙሱ ዋጋው አስቀድሞ ታውቆ፣ ሕፃን ቢወስደው ሽማግሌ ያው 25 ሳንቲም ስለሆነ ነው። ማንም «እየረገጥሽ አምጪው» ብሎ ዋጋውን ሊያሳንስ አይችልም።

ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ግን በድኻ አገር የተሞከረው ነው። በ2013 ካናዳ ቫንኩቨር ላይ የተመሠረተው ፕላስቲክ ባንክ የሚባል ድርጅት ሥራውን የጀመረው ሄይቲ ላይ ነው። ለቃሚው ያመጣው ይመዘናል፣ ኪሎው በስልክ ይመዘገባል፣ ክፍያውም በዚያው ስልክ ሊገባለት ይችላል። ሌባ ከኪሱ አይወስድበትም፤ ገዢውም «ትናንት ያመጣሽው 3 ኪሎ ነበር» ብሎ ሊከራከራት አይችልም፣ ተጽፏልና። እኛ የዚያ ድርጅት መተግበሪያ የለንም። ግን ሚዛን አለን፣ ካሜራ ያለው ስልክ ደግሞ በየቤቱ አለ።

እናም እንዲህ አደረግን። ማዳበሪያው ሚዛኗ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቁጥሩና ማዳበሪያው አንድ ላይ እንዲታዩ ሆኖ ፎቶ ይነሳል፤ የእናትየዋ ትልቋ ልጅ ቀኑንና ኪሎውን በደብተር ትጽፋለች። ገዢው ለነጩና ለተለየው ሃይላንድ በኪሎ ሊከፍል ተስማማ። ለሰማያዊውና ለአረንጓዴው ይቀንሳል፤ አሸዋ ካለበትም ይቀንሳል፣ በዚህ አልተጣላነውም። ፀሐይ ላይ ብዙ የቆየ ፕላስቲክ ይሰባበራልና ቶሎ ቶሎ አምጪ ማለቱም ተገቢ ነው። ሁሉም ግን አልተሳካም። ሳፋና የተሰባበረ ወንበር ትለቅም የነበረች ሌላ እህታችን ገዢ አጥታ ቁጭ ብላለች፤ ለእሷ ገና መላ አላገኘንም።

ባለፈው ሳምንት ገዢው በራሱ ሚዛን መዝኖ 400 ግራም አጎደለ። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችው። ጠጋ ብሎ አየ፣ የራሱን ሚዛን ገልብጦ አቧራውን አራገፈ፣ እንደገና መዘነና ሞልቶ ከፈለ። ምንም አልተናገረም። እሷም ምንም አላለችም።

አሊ አዴና ሆል ሆል ያላችሁ ወገኖቻችን፣ በሚቀጥለው ጉዞ ሚዛኗን ይዘን እንመጣለን። የባልዲውንም ትምህርት ለልጆቹ እናሳያለን፤ ባልዲና አንድ አንድ የተሰበረ ፕላስቲክ ይዛችሁ ጠብቁን፣ ጨዉን እኛ እናመጣለን። ሚዛኗ የምትሠራው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ የአሁኖቹ ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውምና ትርፍ ያለው ሰው ቢያስቀምጥልን እናመሰግናለን።